የጌዴኦ ግድግዳ፦ ከቀርከሃ እስከ አሉኮቦንድ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዜናው በተሰማ ሰሞን ስለ እንሰቱ ብዙ ተባለ፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅለው ቡና ብዙ ተባለ፤ ስለ ባሌ ሥርዓትና ስለ ጥንታውያኑ ትክል ድንጋዮችም እንዲሁ። ውዳሴው የሚገባ ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ይሁንና በዚህ መልክዓ ምድር ውስጥ ሩብ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንደሚኖር፣ ይህ ሕዝብም ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚገባበት ቤት እንዳለው፣ ቤቱም የራሱ ታሪክ እንዳለው የሚያስታውስ ጽሑፍ እኔ አላጋጠመኝም። ዛፉን ያየ ሁሉ ከዛፉ ሥር ያለውን ግድግዳ አላየውም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግድግዳ ነው። «ፖለቲካውን ትተህ ግንበኛ ሆንክ ወይ?» የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ፖለቲካውን አልተውኩም። አንድ ቤተሰብ የቤቱን ግድግዳ ከውጭ በምን እንደሚያለብሰው ሲወስን በአንድ ዓይኑ ከሰማይ የሚወርደውን ዝናብ፣ በሌላው ዓይኑ ከመንግሥት የሚወርደውን አዋጅ እያየ ነው። በጌዴኦ ምድር ዝናቡ ከዓመት ዓመት ቢዋዥቅም ጠባዩ ያው ነው፤ ግድግዳው ግን ባለፉት 130 ዓመታት ቢያንስ አምስት ጊዜ ተለዋውጧል። ዝናቡ ካልተለወጠ ግድግዳውን ማን ለወጠው? በዚህ ጸሐፊ እምነት ከማንም በላይ የለወጠው፣ ግድግዳው የቆመበት መሬት የማን እንደሆነ የሚወስነው ሕግ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዝናቡ ጥቂት ልበል። ጌዴኦ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ የተዘረጋ ጠባብ አገር ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ የቡሌ ደጋ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። በዓመት ከ1200 እስከ 1800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። በዝናቧ የምትታማው ለንደን በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ለግድግዳ ግን ከመጠኑ ይልቅ የሚከፋው ሥርጭቱ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ክረምቱ ሦስት ወር ያህል ያለቅስና መስከረም ከጠባ በኋላ ግድግዳው ለብዙ ወራት ፀሐይ ይሞቃል። በጌዴኦ በልጉ ከመጋቢት ይጀምራል፤ ክረምቱ ይቀበለዋል፤ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ግድግዳው የሚደርቅበት ፋታ አጭር ነው። በእርጥብ አገር ግድግዳን የሚገድለው መርጠቡ አይደለም፤ ሳይደርቅ ዳግመኛ መርጠቡ ነው።

የጥንቱ የጌዴኦ ቤት ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁለመናው ጣሪያ ነው። እንጨቱና በደጋው ደግሞ ቀርከሃው በእንሰት ቃጫ እየታሰረ ክብ ሆኖ ይዋቀራል፤ ላዩ በሣር ወይም በደረቀ የእንሰት ኮባ ይከደናል፤ ክዳኑም ቁልቁል ወርዶ ግድግዳውን ከዓይን ይሰውረዋል። የዝናቡ ጠብታ ከግድግዳው ጋር ሳይገናኝ ከቤቱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የግድግዳ ልባስ ጣሪያው ራሱ ነበር። ከውስጥ ደግሞ ምድጃው ሥራውን ይሠራል፤ ጢሱ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ሲወጣ ሣሩንና ቀርከሃውን ያደርቃል፣ ነቀዝና ምስጥ ያባርራል። ቤቱ ሲያረጅም የሚጣል ነገር የለውም። የበሰበሰው ክዳን ወደ እንሰቱ ሥር ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ዶክተር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን እንደ አንድ ሥርዓት አድርገው መተንተናቸው ይታወሳል። ቤቱንም ከዚያ ሥርዓት ነጥሎ ማየት የሚቻል አይመስለኝም።

ናፍቆት ግን ዓይናችንን አይሸፍነው። ያ ቤት ጨለማ ነው፤ ጢሱ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሁሉንም አመድ ታደርገዋለች፤ ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ በሰፈረበት፣ እያንዳንዷ ስንዝር መሬት በእንሰትና በቡና በተያዘችበት አገር ደግሞ የክዳን ሣር የሚያበቅል ባዶ ሜዳ ከየት ይመጣል? ሣር ቤቱን ያሸነፈው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የሣር እጦትም ነው። በጋሞ ደጋ የሚገኘው የዶርዜ የቀርከሃ ቤት እስከ 12 ሜትር በሚደርስ ቁመቱና ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር እየተቆረጠ ዝቅ በማለቱ በዓለም ታውቋል፤ ቱሪስት ስለሚጎበኘውም እስከ ዛሬ የሚሠራው አላጣም። የጌዴኦ ቤት ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የይርጋ ጨፌን ስም ዓለም የሚያውቀው በስኒ ውስጥ ነው።

«በሣርና በቀርከሃ የሠሩት ድንጋይ መጥረብ ስላልቻሉ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ቱቱ ፈላ ወይም ወደ ጨልባ ቱቱቲ ጎራ ይበል። ድንጋይ ጠርበው በብዛት ያቆሙ ሰዎች በዚህ ምድር ኖረዋል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ጥናት የትክል ድንጋዮቹን ዕድሜ እስከ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ወስዶታል። ቱቱ ፈላ መካነ መቃብር ነው። ድንጋዩ ለሙታን ነበር፤ ሕያዋን የሚኖሩበት ቤት ግን ቀላል፣ የሚታደስና ቶሎ የሚደርቅ ነበር። ይህን ድህነት ብሎ ማለፍ ችኮላ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅ፣ በጊዜው አጠራር «ደራሳ» ይባል የነበረው የጌዴኦ ምድር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። ቻርልስ ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድረስ የሆነውን በዝርዝር ስለተረከው እኔ የምመለከተው ግድግዳውን ብቻ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን በጥንት ትርጉሙ የጦር ሠፈር ማለት እንደነበር የታወቀ ነው። ከሰሜን የመጣው ወታደርና ሹም በየከተማው የሠራው የለመደውን ቤት ነው፤ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይማገራል፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረጋል። ይህ ግድግዳ በተወለደበት አገር ብልህ ግድግዳ ነው። ጭዱ ከአውድማ ይገኛል፤ ፀሐዩ ቶሎ ያደርቀዋል። ጤፍ በብዛት በማይዘራበት በጌዴኦ ግን ጭዱ ራሱ ከሌላ ቦታ መምጣት ወይም በሌላ ሣር መተካት ነበረበት። በዚያ ላይ የሥራው ጉልበት የማን ነበር? ገባሩ ከሚሸከማቸው ግዴታዎች አንዱ የጌታውን ቤትና አጥር መሥራትና ማደስ ነበር። የሹሙን ግድግዳ የሚመርገው ሰው ማታ የሚገባው ወደ ቀርከሃው ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ በዚህ ምድር በብዛት የታየው የሥልጣን መለያ ሆኖ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለ ጭቃ ግን ፍትሕ ይሰጠው። ጭቃ በዝናብ አገር አይሆንም የሚባለው ነገር ሐሰት ነው። በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ በዴቨን ግዛት በጭቃ የተሠሩ ቤቶች በመቶ የሚቆጠር ዓመት ዝናብ ችለው ቆመዋል። የዚያ አገር ግንበኞች የጭቃ ቤት የሚፈልገው ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ነው ይላሉ። ባርኔጣው ሰፊ ክፈፍ ያለው ጣሪያ ነው፤ ጫማው ደግሞ ግድግዳውን ከመሬቱ ርጥበት የሚያነሣ የድንጋይ መሠረት። እኛም «ታዛ» የሚል ድንቅ ቃል አለን። ታዛ ያለው የጭቃ ቤት ይኖራል፤ ታዛ ያጣ የጭቃ ቤት በጥቂት ክረምት ሥሩ ተበልቶ ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል።

ታዛውን ማን ወሰደው? ቆርቆሮ ነው። ሸንተረር የወጣለትን የብረት ሉህ እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ላይ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ፓልመር የተባለ መሐንዲስ ነበር። ወደ አገራችን በምኒልክ ዘመን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ረከሰና ተስፋፋ። ወደ ጌዴኦ ያመጣው ቡና ነው። ቡና ጭኖ የሄደ መኪና ሲመለስ ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ መመለሱ የንግድ ወግ ነውና። የዲላ ነጋዴ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከደነ፤ ትምህርት ቤቱ ከደነ፤ በመጨረሻም ቡናው የቀናው ገበሬ ከደነ። «የቆርቆሮ ቤት ያለው» መባል የባለጸጋ ማዕረግ ሆነ። ቆርቆሮ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ እሳት አይበላውም፣ የክዳን ሣር አያስፈልገውም፣ ለዓመታት አይነካም። ነገር ግን ሣር ከጓሮና ከዘመድ ሲመጣ፣ ቆርቆሮ በሉህ ተቆጥሮ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ስለዚህ ቤት ሠሪው ሁሉ ክፈፉን ማሳጠር ጀመረ። አንዲት ክንድ ክፈፍ በቤቱ ዙሪያ ስትባዛ የስንት ሉህ ዋጋ እንደምትሆን ያሰላ ሰው አይፈረድበትም። ውጤቱ ግን በሣር ቤት ዘመን ዝናብ ሳይነካው የኖረው ግድግዳ ራቁቱን መቅረቱ ነው። ከቆርቆሮው ሸንተረር እየተወረወረ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ ተፈጥፍጦ የግድግዳውን እግር ይመታል። አሸንዳ ደግሞ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በገጠሩ መሬቱ የማን ነበር? የገባር ሥርዓቱ ከነጻነት በኋላ በሕግ ቢቀርም በቡናው መሬት ላይ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ጭሰኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሚችሌ ላይ ወደ ደም መፋሰስ ያመራው የጌዴኦ ገበሬዎች አመጽ ሥሩ ይኸው የባለመሬቱና የጭሰኛው የቡና ክርክር ነው። ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው የድንጋይ መሠረት አይጥልም። በአፈርና በዝናብ ብቻ ካሰብን ይህ ገበሬ ግድግዳውን በኖራ ቢለስነው፣ ከሥሩም ድንጋይ ቢገነባለት ያተርፍ ነበር። በሕግ ካሰብን ግን ለባለመሬቱ ቤት መሥራቱ ነበር። የቀርከሃ ግድግዳ በጌዴኦ ገጠር ዕድሜው ለምን እንደረዘመ ሲጠየቅ «ባህል ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የመለሰው።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ግንበኞቻችን የሚናገሩትን ያዳመጠ ሰው የግድግዳችንን ታሪክ በጆሮው ይሰማል። ቋሚ፣ ማገር፣ ምርጊት፣ ክዳን፣ ታዛ የኛው ናቸው። ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ኮርኒስ፣ ላሜራ፣ ዞኮሎ ደግሞ የጣሊያን ናቸው። በወረራው ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ፋብሪካ በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ቃላቱና ሲሚንቶው ግን ቀሩ። ከዚያ ወዲህ «ዘላቂ ቤት» ማለት በሲሚንቶ የተሠራ ቤት ማለት ሆነ፤ ሌላው ሁሉ «ጊዜያዊ» ተባለ። ይህች አከፋፈል ኋላ ብዙ ሰው ታስለቅሳለች።

ወደ አብዮቱ እንምጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ለጌዴኦ ገበሬ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ሚችሌን ያስታወሰ ሰው አይጠፋውም። በከተማው ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው 100 ብርና ከዚያ በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ፤ በዝቅተኛው እርከን በግማሽ። የድሃው ተከራይ ጉዳይ ለጊዜው ቀለለ። በዲላም በሌላውም ከተማ የቀበሌ ቤት ማለት በአብዛኛው አጭር ክፈፍ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነበር። ይህን ግድግዳ በየዓመቱ ማን ይመርገው? ተከራዩ ቤቱ የሱ አይደለም፤ ለማደስም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቀበሌው በሚሰበስበው ኪራይ ስንት ግድግዳ ይለስናል? የቀድሞው ባለቤት የለም። የጭቃ ግድግዳ እንደ እንሰት ነው፤ በየጊዜው የሚነካካው እጅ ይፈልጋል። አዋጁ ያንን እጅ አሰረው። የደርግን የመሬት አዋጅ የሚያወድሱም የሚያወግዙም በክርክራቸው መሐል ይህን ግድግዳ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በበኩሌ የገጠሩን አዋጅ ትክክለኛነት ሳልክድ፣ የከተማው አዋጅ ግን ቤቶቻችንን ለዝናብ አሳልፎ ሰጥቷል ባይ ነኝ።

ቤቱ በእጁ የቀረለት ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ፤ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። ከመንገድ ሲታይ የብሎኬት ቤት ይመስላል፤ ምኞቱም እሱ ነው። ችግሩ ሁለቱ አይስማሙም። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ልስኑ በጥቂት ዓመት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ግን እንደገባ አይወጣም፤ ሲሚንቶው አፍኖ ይይዘዋል። ቋሚው ከውስጥ በስብሶ፣ ግድግዳው ከውጭ አምሮ ይቆያል። አንድ ክረምት ላይ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገልጦ ሲወድቅ ነው ባለቤቱ የሚያውቀው። የኖራ ልስን ከጭቃው ጋር አብሮ ስለሚተነፍስ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የዘመናዊነት ሽታ አልነበረውም። ጀሶ ጭራሹን ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፤ ዝናብ ያሟሟዋል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከተሞች ሲያብጡ አንድ አዲስ ግድግዳ መጣ። መነሻው እጦት ነው። የሊዝ ሥርዓት በ1986፣ በ1994ና በ2004 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች እየጠበቀ ሄደ። ሕጋዊ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ የሚገኝ፣ ግንባታውም በተወሰነ ጊዜ ተጀምሮ በተወሰነ ጊዜ የሚያልቅ መሆን አለበት ተባለ። ድሃ ግን እንዲህ አይሠራም። ድሃ ዘንድሮ ቋሚውን ይተክላል፣ ለከርሞ ይመርጋል፣ ልጁ ሥራ ሲይዝ ይለስናል። በዚህ መሐል «የጨረቃ ቤት» ተወለደ፤ በአንድ ሌሊት ቆሞ ጠዋት ቤት ሆኖ የሚገኘው። ግድግዳውስ? ቆርቆሮ ነው። ስለ ቆርቆሮ ግድግዳ ያለን አስተያየት ንቀት የተሞላበት ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አያሰማማም፣ ንጋት ላይ ከውስጥ ላብ ያንጠባጥባል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ ከግድግዳዎች ሁሉ ለብቻው የያዘው አንድ ባሕርይ አለ፤ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ። አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ጭቃ መሬት ላይ ይቀራል፣ ብሎኬት ይሰባበራል፤ ቆርቆሮ ግን ታስሮ በጋሪ ይጫናል። ቆርቆሮ የመረጠው ሰው ስለ ዝናብ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሚፈራው ከዝናብ የከፋ ነገር አለ።

ስለ ብሎኬት በአጭሩ። ዲላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የመጣበት ከተማ ሁሉ የኪራይ ክፍል ይፈልጋል፤ የኪራይ ክፍል ደግሞ ብሎኬት ይፈልጋል። ብሎኬት በውስጡ ባዶ፣ በአካሉም ውኃ መጣጭ ነው፤ ሳይለሰን ለቀረ ብሎኬት የጌዴኦ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ቤተሰብ ይሆናል። ሲለሰንና በኳርትዝ ቀለም ሲቀባ ጥሩ ግድግዳ ነው። ሲሚንቶው ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣል፤ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ሥርጭቱ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆኖ እንኳ ዋጋው ስንቱን ጅምር ቤት ጅምር አድርጎ እንዳስቀረው አንባቢ አይዘነጋውም። ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች በሚያሳዩን በእነዚያ ሳይለሰኑ በቀሩ ግራጫ ግድግዳዎች ላይ ዝናቡ ጥቁር መስመር እየሳለባቸው ይኖራሉ።

በዋናው መንገድ ዳር ደግሞ አሉኮቦንድ ነግሦአል። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳ በመሐል ፕላስቲክ አቅፎ የሚለጠፍበት ሕንፃ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ዝናብም ይንሸራተትበታል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ግሬንፌል በተባለው ፎቅ ላይ 72 ሰዎች የሞቱት እሳቱ በዚህ ዓይነት ልባስ ላይ ተንጠላጥሎ ስለወጣ ነው፤ የእኛ ከተሞች ግን ይህን ዜና የሰሙ አይመስሉም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት የግድግዳው መልክ የባለቤቱ ውሳኔ መሆኑ ይበልጥ እየቀነሰ ሄዷል። ገባሩ የጌታውን ግድግዳ ይመርግ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባለቤቱ የራሱን ግድግዳ ለመንገደኛ ዓይን እንዲያስውብ ይታዘዛል። መንገድ ዳር ያለው ፊት ተሸልሞ፣ ዝናብ የሚገርፈው የጓሮ ግድግዳ እንደነበረ መቅረቱን ያላየ ካለ ወደ ጓሮ ዞር ብሎ ይመልከት።

እንግዲህ ዛሬ በዲላ፣ በወናጎ ወይም በይርጋ ጨፌ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ይምረጥ? ከጽሑፌ የሚጠበቀው የቀርከሃ ስብከት ከሆነ አላደርገውም። ለዚህ ዝናብ የሚሆን ግድግዳ ከአንድ በላይ ነው። አቅም ላለው፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ በደንብ የተለሰነና የተቀባ ብሎኬት መልካም ነው። አቅም ለሌለው በዚያው ዓይነት የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ በኖራ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ክፈፍ ከተደረገለትና በየዓመቱ ከታየ ልጅ ያሳድጋል፤ የልጅ ልጅም ያያል። በቡሌ ደጋ ቀርከሃ ከመሬት ተነሥቶ፣ ከበስተጀርባው አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ቢታጠር ከቆርቆሮ ግድግዳ በሁሉም ነገር ይበልጣል። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰፊ ጣሪያ። ከተሞቻችን «ዘላቂ» እና «ጊዜያዊ» እያሉ የሚከፍሉት ግን በግድግዳው ዕቃ እንጂ በጣሪያው ስፋት አይደለም። ክፈፍ ያጣ ብሎኬት «ዘላቂ»፣ ታዛ ያለው ጭቃ «ጊዜያዊ» ተብሎ የሚመዘገብበት አሠራር ዝናብን የማያውቅ አሠራር ነው።

ይህ ጉዳይ የግንባታ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ፣ በተለይም በሰኔ፣ በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ መካከል በተነሣው ግጭት በአንድ ወቅት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል። ክረምቱን በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና ባላለቁ ሕንፃዎች ውስጥ፣ ቦታ ያጣውም በላስቲክ ሥር አሳለፈው። ለዚያ ዝናብ ላስቲክ ምን ዓይነት ግድግዳ እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተፈናቃዮቹን ጎበኙ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት አብዛኞቹን ወደ መጡበት መለሰ። በፈቃድ ነው፣ በግዳጅ ነው የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ብዙ አጨቃጭቋል። ግድግዳን የሚመለከተው ጥያቄ ግን የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተቃጠለ ቤት ባለበት ቦታ ላይ የቆመው ተመላሽ አዲሱን ቤት በምን ይሥራው?

ይህ ሰው እጁ ላይ ሠላሳ ሉህ ቆርቆሮ አለው እንበል። ሠላሳውን በሙሉ ለጣሪያ ቢያደርገው ሰፊ ክፈፍ ይወጣለታል፤ ከሥሩ የጭቃ ግድግዳ መርጎ፣ በታዛው ቡናውን አስጥቶ፣ ዝናቡን ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ወይም አሥራ አምስቱን ለጠባብ ጣሪያ፣ አሥራ አምስቱን ለግድግዳ ያደርጋል፤ ቤቱ ያቃጥላል፣ ያንጠባጥባል፣ ነገር ግን የመጣ ቀን በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ይታሰራል። ግንበኛ ቢጠየቅ የመጀመሪያውን ይመክረዋል። ሰውየው ግን የሚጠይቀው ግንበኛውን አይደለም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጎረቤቱና በእጁ ያለው ወይም የሌለው የመሬት ይዞታ ደብተር ምን እንደሚሉት ነው የሚያዳምጠው።